ቦቴውን ምቱ፦ አራት ኪሎ ያለው የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ሲመዘን

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች በአንዱ፣ ፎቅ ላይ፣ ከፊፋው ጫጫታ ፈንጠር ብለው የተቀመጡ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። የተጫነባቸው «ሳይለንት ሀንተር 4» ነው፤ በ2007 የወጣ፣ አሁን ዕድሜው የገፋ የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰዓቱ 100 ብር ነው፤ ከፊፋው ይወደዳል። ለችኩል ሰው ብሩ ያስቆጫል፤ ግማሹ ሰዓት ባዶ ባህር በማየት ያልቃልና። ከ1941 እስከ 1945 አሜሪካኖች በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የጃፓንን መርከቦች እንዴት እንዳደኑ፣ በተለይ ደግሞ የትኛውን መርከብ መምረጥ ምን እንደሚያስከትል ለሚያስጨንቀው ሰው ግን ከብዙ ዶክመንተሪ ይሻላል። አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ነጥብ አሰጣጡ የጦርነቱን እውነት ይገለብጠዋል። እዚያ ላይ እንደርሳለን።

ከመጀመራችሁ በፊት ቅንብሩን ለውጡ። ቤቱ ጨዋታውን የሚያቀርበው እጅግ ቀሎ ነው፦ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነጣጥራል፣ ቶርፔዶው (በውሃ ውስጥ ራሱን እየነዳ ሄዶ መርከብ የሚመታው ፈንጂ) ሁሉ ይፈነዳል፣ ከመርከቡ ውጭ ሆኖ የሚያሳይ ካሜራም አለ። በእጅ ማነጣጠርን አብሩ። የማይፈነዱ ቶርፔዶዎችን አብሩ። ባትሪ፣ አየርና ነዳጅ የሚያልቁ ይሁኑ። የውጭውን ካሜራ ዝጉት፤ ካፒቴኑ ያላየውን የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ካርታው ላይ የጠላት ምልክት መታየቱን ግን ለጀማሪ አትዝጉት፤ ያለ እሱ ፍጥነት መለካት መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው።

መርከብ ስትመርጡ ጋቶ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ። ርዝመቱ 95 ሜትር ነው፤ ከፊት 6፣ ከኋላ 4 የቶርፔዶ መተኮሻ ቱቦ አለው፣ 24 ቶርፔዶ ይይዛል። ከውሃ በላይ በአራት ዲዝል ሞተር 21 ኖት ያህል ይሮጣል (አንድ ኖት በሰዓት 1,852 ሜትር ነው)። ከውሃ በታች በባትሪ ቢበዛ 9 ኖት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ባትሪው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በ2 ኖት ብቻ ካዘገመ 48 ሰዓት ይቆያል። ጀማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አድማስ ላይ ጭስ ሲያዩ ወዲያው ይሰጥማሉ (ከውሃ በታች ይወርዳሉ)፤ ኮንቮዩ፣ ማለትም ታጅበው በአንድነት የሚጓዙት መርከቦች፣ በ9 ኖት እየተጓዘ ጥሏቸው ይሄዳል፣ ባትሪያቸውም ያልቃል። ስሙ ሰርጓጅ ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን መርከብ ኑሮው ከላይ ነው፤ የሚሰጥመው ለመምታትና ለመደበቅ ብቻ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ዙሮ መቅደም ነው። ኮንቮዩን ካያችሁት በኋላ የምሰሶው ጫፍ ብቻ እስኪታያችሁ ድረስ ራቁ፤ ከዚያ ከጎኑ ትይዩ ሆናችሁ ከላይ ሩጡ። እሱ በ9 ኖት፣ እናንተ በ18 ብትሄዱ በየሰዓቱ 9 የባህር ማይል ትቀድሙታላችሁ። በቂ ሲሆን ወደ መንገዱ ገብታችሁ ስጠሙና ጠብቁት። እሱ ራሱ ይመጣል። ከ1942 አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ከመረጣችሁ ደግሞ የባህር ላይ ራዳር ስለሚኖር ይህንኑ በሌሊት፣ ሳትሰጥሙ፣ በጨለማ ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ የአሜሪካ ካፒቴኖች በ1944 ብዙውን ጉዳት ያደረሱት እንዲህ እያደሩ ነው።

ለመተኮስ አራት ነገር ያስፈልጋል፦ አቅጣጫ፣ ርቀት፣ የኢላማው ፍጥነት፣ እንዲሁም ኢላማው አፍንጫውን ከእናንተ በስንት ዲግሪ እንዳዞረ። አራቱም ወደ ማነጣጠሪያው ሜካኒካል ኮምፒውተር ይገባሉ፤ እሱም ለቶርፔዶው የመታጠፊያ ማዕዘን ያወጣል። ርቀት የሚለካው በፔሪስኮፑ ነው፤ ከውሃ በታች ሆኖ ላይ ላዩን ማያ ቱቦው ማለት ነው። የመርከቡን ዓይነት ከመለያው መዝገብ ላይ ትመርጣላችሁ፤ መዝገቡ የምሰሶውን ቁመት ይሰጣል። ከዚያ መንታ የሆነውን ምስል ታንቀሳቅሱና የምሰሶውን ጫፍ ከውሃው መስመር ጋር ታገጥማላችሁ። ዓይነቱን ከተሳሳታችሁ ርቀቱም በዚያው ልክ ይሳሳታል፤ ቁመቱ በ10 በመቶ ከዛባ ርቀቱም በ10 በመቶ ይዛባል። ከመሀለኛው ስክሪን አጠገብ በስኮች የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ አንድ ደንበኛ የተለመዱትን የጭነት መርከቦች የምሰሶ ቁመት በእስክሪብቶ ጽፎባታል። ዳሯ ተበልቷል፣ ሁለት ቁጥር ተሰርዞ ታርሟል። ከመዝገቡ ገጽ ገልጦ ከመፈለግ ትፈጥናለች።

የኢላማውን ፍጥነት ለማግኘት ስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ አድርጉት። ካርታው ላይ የመርከቡን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ፣ መሀሉን በሜትር ለኩ። እያንዳንዱ 100 ሜትር አንድ ኖት ነው። 900 ሜትር ከሄደ 9 ኖት ማለት ነው። በያርድ ለሚለካ ሰው ልክ 3 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከአራቱ የማይምረው ፍጥነቱ ነው። ሒሳቡን እዩት። ማርክ 14 የተባለው ቶርፔዶ በፈጣኑ ማርሽ 46 ኖት ይሄዳል፤ 1,200 ሜትር ለመጨረስ 51 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የኢላማውን ፍጥነት በ2 ኖት ብትሳሳቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ 52 ሜትር ያህል ታዛባላችሁ። 120 ሜትር የሚረዝመውን መርከብ መሀሉ ላይ ካነጣጠራችሁ ጫፉን ታገኙታላችሁ። ከ3,000 ሜትር ላይ ያው የ2 ኖት ስህተት 130 ሜትር ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ሳተ። ስለዚህ ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር ቅረቡ፣ ጎኑን በሰጣችሁ ሰዓት ተኩሱ፣ ቶርፔዶውም ብዙ እንዳይታጠፍ አፍንጫችሁን ወደ መንገዱ አዙራችሁ ጠብቁ። ለአንድ ትልቅ ኢላማ ሦስት ላኩ፦ አንዱን መሀል፣ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ። ፔሪስኮፑን ከአምስት ስድስት ሰከንድ በላይ አታቆዩት፤ በተረጋጋ ባህር ላይ የሚጥለው ነጭ አረፋ ከሩቅ ይታያል።

ይህን ሁሉ በትክክል ሠርታችሁ ቶርፔዶው ላይፈነዳ ይችላል። ጨዋታው ከሁሉ በላይ የሚመሰገንበትም ይህ ነው፤ የማርክ 14ን ጉድ እንዳለ አምጥቶታል። ጉዱ ሦስት ተደራራቢ ብልሽት ነበር፤ አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ለመታወቅ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። መጀመሪያ፣ ከተባለው ጥልቀት 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሄድ ነበር። የተሞከረው ከእውነተኛው ፈንጂ በቀለለ ጫፍ ነው፤ ጥልቀት የሚለካው መሣሪያም የተቀመጠው የውሃው ግፊት በሚሳሳትበት ጅራት ላይ ነበር። በጁን 1942 የሰርጓጆች አዛዥ የነበረው አድሚራል ሎክውድ አውስትራሊያ ውስጥ አልባኒ አጠገብ የዓሣ መረብ አስዘርግቶ አስተኮሰበት፤ ቀዳዳው የት እንዳለ ተለካና ክርክሩ አበቃ። ሁለተኛ፣ የመርከቡን መግነጢስ አሽትቶ ከሆዱ ስር ይፈነዳል የተባለው ማፈንጃ ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ይፈነዳል። የፓስፊክ መርከቦች አዛዥ የነበረው አድሚራል ኒሚትዝ በጁን 1943 እንዲዘጋ አዘዘ።

ሦስተኛው ሲመጣ ነው ሰው ያበደው። መግነጢሱ ተዘግቶ፣ ጥልቀቱ ተስተካክሎ፣ ቶርፔዶው ጎኑን ይመታል፤ አይፈነዳም። ጁላይ 24 ቀን 1943 ቲኖሳ የተባለችው ሰርጓጅ የጃፓን ጦር ሰፈር ከነበረችው ከትሩክ ደሴት በስተምዕራብ ቶናን ማሩ ቁጥር 3ን አገኘች፤ 19,000 ቶን የሚሆን፣ ከዓሣ ነባሪ ፋብሪካነት ወደ ነዳጅ ጫኝነት የተለወጠ መርከብ ነው። አስቆመችው። ከዚያ ካፒቴን ዳስፒት ቆሞ በቀረው መርከብ ላይ ተራ በተራ፣ እያስተካከለ፣ ጎኑን በ90 ዲግሪ እያገኘ ለቀቀበት። በጠቅላላው 15 ተኮሰ፤ 11ዱ መትተው ሳይፈነዱ ቀሩ። የመጨረሻዋን አንዷን ይዞ ለምርመራ ወደ ፐርል ሐርበር ተመለሰ። ሃዋይ ላይ የፈንጂ ጫፎችን ከ27 ሜትር ከፍታ ብረት ላይ እየጣሉ ሲፈትሹ ነገሩ ወጣ፦ መቺው ፒን የተሠራው ቀድሞ ለነበረው ቀርፋፋ ቶርፔዶ ነው፤ በ46 ኖት ፊት ለፊት ሲጋጭ ፒኑ ከመስመሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አጥብቆ የመታ ይከሽፋል፣ በሰያፍ የገጨ ይፈነዳል። መፍትሔው ቀለል ካለ ብረት የተሠራ ፒን ነበር። አንዱ ቶርፔዶ 10,000 ዶላር ያህል ስለሚያወጣ ከጦርነቱ በፊት በእውነተኛ ፈንጂ አልተሞከረም፤ ቁጠባው የት እንዳደረሰ እንግዲህ አስቡት።

ለተጫዋች ያለው ትምህርት ግልጽ ነው። ከ1943 መጨረሻ በፊት ባለው ጊዜ ከተጫወታችሁ የመግነጢስ ማፈንጃውን አትመኑ፣ ጥልቀቱን ከሚመስላችሁ አሳንሱ፣ ኢላማውንም በ90 ዲግሪ ሳይሆን በሰያፍ ምቱ። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ 90 ዲግሪው ይመለስ። ማርክ 18 የሚባለው የኤሌክትሪክ ቶርፔዶ ሲመጣ አረፋ ስለማይተው ቀን ቀን ይመረጣል፤ ነገር ግን 29 ኖት ብቻ ስለሆነ ከላይ ያየነው የፍጥነት ስህተት ይበረታል። ዞሮ ወደ ተኳሹ የሚመለስም አለ፤ በኦክቶበር 1944 ታንግ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ የሰመጠችው በራሷ ማርክ 18 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጨዋታው ትልቅ የጦር መርከብ ላሰጠመ ክምር ነጥብ ይሰጣል። አውሮፕላን ተሸካሚ ያየ ተጫዋች ሁሉ ያንን ያሳድዳል። በሒሳብ ብቻ እንኳ ከንቱ ነው፦ ከ25 ኖት በላይ የሚሮጥን መርከብ 21 ኖት ያለው ሰርጓጅ ዙሮ አይቀድመውም፤ ራሱ ወደ እናንተ ካልመጣ በቀር። በ1942 እና በ1943 የአሜሪካ ካፒቴኖችም የተፈታ የጃፓን ምስጢራዊ መልእክት እየደረሳቸው ትልልቅ መርከቦችን ሲያሳድዱ ብዙ ነዳጅ ፈጅተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። አዎ፣ ኋላ ላይ ተሳክቷል፤ ሰርጓጇ አርቸርፊሽ በኖቬምበር 1944 የጃፓኑን አውሮፕላን ተሸካሚ ሺናኖን በአራት ቶርፔዶ አስጥማለች፣ ሰርጓጅ ካሰጠማቸው የጦር መርከቦች ሁሉ ትልቁን። ግን ሺናኖ ዚግዛግ ስትሄድ ራሷ ወደ አርቸርፊሽ ታጠፈች እንጂ ሰርጓጇ ሮጣ አልደረሰችባትም።

ጦርነቱን የወሰነው ነዳጅ ጫኙና የጭነት መርከቡ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ማስረጃ አያሻውም፤ የጅቡቲ መስመር ላይ ቦቴ ሲዘገይ የማደያው ሰልፍ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቃል። ጃፓን ወደ ጦርነቱ የገባችው 6 ሚሊዮን ቶን ያህል የንግድ መርከብ ይዛ ነው። ነዳጇ የሚመጣው ከቦርኒዮና ከሱማትራ፣ ከባሊክፓፓንና ከፓሌምባንግ፣ በደቡብ ቻይና ባህር አልፎ ነው። በፊሊፒንሷ ሉዞንና በታይዋን መሀል ያለው የባህር ሰርጥ የሁሉም መተላለፊያ ሆነ፤ የአሜሪካ ሰርጓጆችም ሦስት ሦስት እየሆኑ እዚያ ሰፈሩ። ከባህር ኃይሉ ሰው 2 በመቶ የማይሞሉት እነዚህ ሰዎች ከሰመጠው የጃፓን የንግድ መርከብ ቶን 55 በመቶ ያህሉን አስጠሙ። ከጦርነቱ በኋላ የተደረገው ቆጠራ 1,113 የንግድ መርከቦችና 201 የጦር መርከቦችን ሰጥቷቸዋል። 52 ሰርጓጆችና ከ3,500 የማያንሱ ሰዎች አልተመለሱም።

የዚህ ውጤት ከቶኑ በላይ ነው። ከጁን 1944ቱ የፊሊፒን ባህር ውጊያ በኋላ የጃፓን ባህር ኃይል ለሁለት ተከፈለ፤ ከባድ መርከቦቹ ነዳጅ ፍለጋ ሲንጋፖር አጠገብ ሊንጋ ተቀመጡ፣ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ ደግሞ አዲስ አብራሪ ለማሠልጠን አገር ቤት ቀሩ። ማሠልጠኛውም ቤንዚን አጠረው። መርከቦቹን የለያያቸው በከፊል የነዳጅ እጥረቱ ነው ማለት ነው። ጨዋታው ይህንን አያሳይም። ሃያ ነዳጅ ጫኝ ብታሰጥሙ በሚቀጥለው ጉዞ የምትገጥሟቸው የጃፓን አውሮፕላኖች ያው ናቸው። ስለዚህ ነጥቡን ተዉትና የራሳችሁን ሕግ አውጡ፦ ኮንቮይ ውስጥ መጀመሪያ ነዳጅ ጫኝ፣ ቀጥሎ ወታደርና ጥይት የጫነ፣ አጃቢውን ካስገደደ ብቻ። ይህኛው እንኳ ያከራክራል፤ በኤፕሪል 1944 የአሜሪካ ባህር ኃይል አዛዥ አድሚራል ኪንግ ዲስትሮየሮች (ፈጣን አጃቢ የጦር መርከቦች) ከንግድ መርከብ እንዲቀድሙ አዝዟል፤ አጃቢ የሌለው ኮንቮይ ደግሞ ነገ በቀላሉ ይታደናል። ነዳጅ ጫኝን በአንድ ቶርፔዶ አትመኑ፤ በክፍል በክፍል የተሠራ ስለሆነ አንድ ቀዳዳ ይችላል። ኋላው ላይ ያለውን የሞተር ክፍል ምቱ፤ ከቆመ በኋላ ጊዜ አላችሁ።

የጃፓን ሰርጓጆች ተቃራኒውን አደረጉ። ቶርፔዶአቸው ከአሜሪካው እጅግ የተሻለ ነበር፤ በኦክስጅን የሚነዳ፣ አረፋው የማይታይ፣ የፈንጂ ጫፉ 405 ኪሎ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1942 አይ-19 የተባለው ሰርጓጅ በአንድ ጊዜ በለቀቃቸው ስድስት ቶርፔዶዎች የአሜሪካውን አውሮፕላን ተሸካሚ ዋስፕን አጠፋ፣ ከባዱን የጦር መርከብ ኖርዝ ካሮላይናንና ዲስትሮየሩን ኦብራየንንም አቆሰለ። ግን ትምህርታቸው በዋነኛነት የጦር መርከብ ማደን ነበር። ከአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወደ ሃዋይና ወደ አውስትራሊያ የሚመላለሰውን ነዳጅና ስንቅ በአብዛኛው ተዉት። ኋላም ሰርጓጆቹን ለተከበቡ ደሴቶች ሩዝ ማመላለሻ አደረጓቸው። አጃቢ ላይም ዘግይተዋል፤ አጠቃላይ የአጀብ ዕዝ ያቋቋሙት በኖቬምበር 1943 ነው።

ከተኮሳችሁ በኋላ ስለማምለጥ ብዙ ማለት አያሻም፦ ዝለቁ፣ ሞተሩን ቀንሱ፣ ጅራታችሁን ለአጃቢው ስጡ፣ የጥልቀት ቦምቡ ሲፈነዳ ፍጥነት ጨምሩ፤ ያኔ እሱም አይሰማምና። የጃፓን ቦምቦች መጀመሪያ ላይ ጥልቀታቸው አነስተኛ ተደርጎ ነበር የሚለቀቁት። በ1943 አንድሩ ሜይ የተባለ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ይህንኑ ለጋዜጠኞች አፍ አውጥቶ ተናገረው። ሎክውድ በዚያ ምክንያት አሥር ሰርጓጅ ሳናጣ አልቀረንም ብሎ ነበር።

ጨዋታው ሆን ብሎ የደበቀውም አለ። ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጀምሮ ትእዛዙ ያለ ማስጠንቀቂያ ሁሉንም አስጥሙ የሚል ነበር፤ በ1930ው የለንደን ስምምነት ግን የንግድ መርከብ ሰዎቹ ሳይወጡ አይሰጥምም። ኒሚትዝ ራሱ አሜሪካ ይህን ከመጀመሪያው ቀን እንዳደረገችው የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት በጽሑፍ መስክሯል። ኦገስት 22 ቀን 1944 የአሜሪካ ሰርጓጅ ቦውፊን ያሰጠመችው ጹሺማ ማሩ ከኦኪናዋ የሚሸሹ ተማሪ ሕፃናትን የጫነ ነበር፤ ከ700 በላይ ሕፃናት አለቁ። በቀጣዩ ወር የሰመጠው ራኩዮ ማሩ ከ1,300 በላይ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ምርኮኞች ነበሩበት፤ ከ1,000 በላይ ሞቱ። በፔሪስኮፕ ሲታይ ሁለቱም ግራጫ ጭነት መርከቦች ናቸው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቶኑ ብቻ ነው።

ስለ ቤቱ። ኮምፒውተሮቹ ጨዋታውን ያለ ችግር ይጫወቱታል፤ አሮጌ ስለሆነ ብዙ አይጠይቅም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጨዋታው ሲጫን ጀምሮ ስለሆነ ቅንብሩን ቶሎ ጨርሱ። ረጅሙን ዘመቻ በአንድ ሰዓት አትጀምሩ፤ ከፐርል ሐርበር ጃፓን 3,400 የባህር ማይል ያህል ነው፣ ጊዜውን አፍጥናችሁትም ብሩን ይበላዋል። ነጠላ ተልእኮ ምረጡ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከማስቀመጣችሁ በፊት ወደ ላይ ውጡ፣ ከጠላትም ራቁ፤ ሰምጣችሁ ወይም በውጊያ መሀል ያስቀመጣችሁት ፋይል ተመልሶ ላይከፈት ይችላል። ለዚህ ገንዘብ አይመለስም፤ ልጆቹን መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም።

የድምፅ ማዳመጫው መሀለኛው ላይ ብቻ በደንብ ይሠራል፤ ሃይድሮፎን (የሌላ መርከብ ድምፅ በውሃ ውስጥ የሚሰማበት መሣሪያ) ያለ እሱ ከንቱ ስለሆነ እሱን ጠይቁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይገኝም፤ በሥራ ቀን ጠዋት ግን ሦስቱም ባዶ ናቸው።